አሮጌው ቍም ሣጥን የልጆች መልበሻ እንዲሆን

ልጅ የአባቱን ጫማ አጥልቆ፥ የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ በቤት ውስጥ ሲመላለስ ያላየ ወላጅ አይገኝም። አብዛኛው ሰው ይህን ባየ ጊዜ ይሥቃል፤ የሚቈጣም አለ፤ ልብሱ እንዳይቈሽሽ ነጥቆ ይቈልፍበታል። ነገሩ ግን ከሣቅም ከቍጣም የሚበልጥ ነው። ልጅ የታላቅ ሰው ልብስ በለበሰ ጊዜ የታላቁን ሰው ሥራ፥ አነጋገርና ማዕርግ በራሱ ላይ ይለካል። ሰው ልብስ ከመግዛቱ አስቀድሞ እንደሚለካ፥ ልጅም የሚያድግበትን ኑሮ አስቀድሞ በጨዋታ ይለካዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ በየቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ ከሚኖረው አሮጌ ዕቃ ለልጆች የጨዋታ ልብስ ማኖሪያ እንዴት እንደሚሠራ፥ ምን ዐይነት ልብስ እንደሚገባበትና ልጆችን ከምን አደጋ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ እንናገራለን።

በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ምሳሌ አለ። እውነት ነው፤ ለራት አይበቃም። ነገር ግን ዛሬ በጭቃ ያላቦካች ልጅ ነገ በዱቄት ማቡካትን ከየት ታመጣዋለች? የዕቃ ዕቃ ጨዋታ አያቶቻችን ሳይጽፉ ያቆሙት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ አባት፥ አንዷ እናት፥ አንዱ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳው ይነሡለታል፥ ወምበር ይሰጡታል፥ በቈርኪ ቡና ይቀዱለታል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው የእንግዳ አቀባበልን ሥርዓት ይማራሉ።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህንኑ መርምረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።) ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የተባለው የጀርመን መምህር በ1837 በባድ ብላንክንቡርግ ከተማ ለሕፃናት ትምህርት ቤት ባቆመ ጊዜ ጨዋታን የትምህርቱ መሠረት አደረገው። የሩሲያው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ በ1933 ስለ ጨዋታ ባስተማረው ትምህርት የሁለት እኅትማማቾችን ነገር ያነሣል። እነዚህ ልጆች በእውነት እኅትማማቾች ሳሉ «እኅትማማቾች እንሁን» ብለው ተጫወቱ። በዘወትር ኑሯቸው እኅትነታቸውን አያስቡትም ነበር፤ በጨዋታው ጊዜ ግን አንድ ዐይነት ለብሰው፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ እኅት ለእኅት ምን ማድረግ እንደሚገባት እያሰቡ ሠሩ። እንግዲህ ሊቁ የሚያስተምረን፥ ጨዋታ ልቅነት ሳይሆን ልጅ በፈቃዱ ለሥርዓት የሚገዛበት ስፍራ መሆኑን ነው። በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራም 4ና 6 ዓመት ለሆናቸው 180 ልጆች አሰልቺ ሥራ ሰጥቶ ተመለከተ፤ ራሳቸውን እንደሚያደንቁት ጀግና አድርገው የሠሩት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ በሥራው ጸንተው ተገኙ።

ወደ አገራችን ልብስ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጐላል። በእኛ ዘንድ ልብስ የገላ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ አለባበሱ ራሱ ቋንቋ ነው። ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ሸማውን አደግድጎ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል። ኀዘን ሲደርስበት ነጠላውን ዘቅዝቆ ይለብሳል፤ መንገደኛውም ጥለቱን አይቶ ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል። ይህ ቋንቋ በመጽሐፍ ሳይሆን በዐይንና በትከሻ የሚወረስ ነው። ከተማ ያደገ ልጅ ነጠላን በዓል በመጣ ጊዜ ብቻ ለብሶ ወዲያው የሚያወልቅ ከሆነ ይህን ቋንቋ ከወዴት ይማረዋል? በልኩ የተቈረጠች አንዲት ታናሽ ነጠላ በእጁ በሚደርስበት ስፍራ ብትሰቀልለት ግን፥ ዛሬ ሽማግሌ፥ ነገ ለቀስተኛ፥ ከነገ ወዲያ ሰርገኛ ሆኖ እየተጫወተ ሁሉንም ያውቀዋል።

የዳኝነትን ጨዋታም ሳናነሣ አናልፍም። እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምሠራ ሰው በመሆኔ ልጆች «በሕግ አምላክ!» ሲባባሉ ስሰማ ጆሮዬን አቀናለሁ። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፥ ቍራኛ ሆነው፥ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ልጆችም ሁለት አሮጌ ኩታ ቢያገኙ ይህን በደስታ ይጫወቱታል። በጨዋታው ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ተራ መለዋወጡ ነው። ትናንት ከሳሽ የነበረው ዛሬ ተከሳሽ፥ ነገ ዳኛ ይሆናል። ዳኛ የሆነው ልጅ የሁለቱን ቃል ሳይሰማ መፍረድ እንደማይችል ባልንጀሮቹ ራሳቸው ይነግሩታል። የተከሳሹን ቦታ አንድ ጊዜ የቆመበት ልጅ ካደገ በኋላ በሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኵልም። የዳኛው ካባ ለወንዶች ብቻ እንዳይሆንም ወላጆች ያስቡበት። በ2011 ዓመተ ምሕረት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፥ በዚያ ወምበር ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ስለዚህ ሴት ልጅ የዳኛ ካባ ለብሳ ብትቀመጥ እውን የሆነ ነገር ትጫወታለች እንጂ ሕልም አይደለም።

የጨዋታው ጥቅም ይህን ያህል ከተነገረ፥ ልብሱ የሚኖርበትን ዕቃ ወደ መሥራት እንለፍ። ለዚህ ነገር አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። መዝጊያው የተነቀለ ወይም መስተዋቱ የተሰነጠቀ ባለ ሁለት መዝጊያ ቍም ሣጥን ከሁሉ የተሻለ ነው። የድሮ ቡፌ፥ የትልቁ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ፥ መሳቢያው የጠፋ ኮመዲኖም ይሆናል። አስቀድሞ ግን ዕቃው ጤነኛ መሆኑን መመርመር ይገባል። በተስተካከለ ወለል ላይ አቁመው ከትከሻው ይዘው ያወዛውዙት፤ መገጣጠሚያው የሚንቃቃ ከሆነ በኮላና በብሎን ሊጠብቅ ይችላል። ቀጥሎም እግሩንና የጀርባውን ታችኛ ጠርዝ በወስፌ ይውጉት፤ ወስፌው ዳቦ እንደሚወጋ ሆኖ ከገባ ምስጥ ወይም ነቀዝ ጨርሶታልና ለልጅ አይሆንም። ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ቢገኝም ምልክቱ ያው ነው።

የእንጨቱን ዐይነት ማወቅም ይረዳል። ዋንዛ ቡናማ ቀለም ያለው፥ ለመጋዝና ለመላጊያ የሚመች እንጨት ነው። ጥድ መዓዛው ልብስን ያሸታል፥ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። እንደነዚህ ካሉ ዛፎች የተሠራ አሮጌ ዕቃ ቢሰበር እንኳ ለማገዶ መስጠት ትልቅ ኪሳራ ነው። በ1986 ዓመተ ምሕረት የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶን፥ ጥድን፥ ዝግባንና ዋንዛን ከደን መቍረጥን መከልከሉ፥ እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እንደ ተመናመኑ ያስረዳል። አያት በደጅ ካለ ዋንዛ ያሠሩት ቍም ሣጥን ዛሬ በገንዘብ እንኳ በቀላሉ አይተካም። ዕቃው ከችፑድ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ሁለት ነገር ይታወስ፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብቅም፥ የተቈረጠው ጠርዝም ውሃ ከነካው ያብጣል። ስለዚህ ብሎኑን በአዲስ ቦታ ማሰርና ጠርዙን በቀጭን እንጨት መሸፈን ይገባል።

መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ስለ ሦስት አደጋዎች አጥብቀን መናገር ግዴታችን ነው። ይህ ዕቃ ለደስታ የሚሠራ ነውና የኀዘን ምክንያት እንዳይሆን ወላጅ ልብ ብሎ ያንብብ።

የመጀመሪያው አደጋ መታፈን ነው። ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ መዝጊያው ከውጭ ከተያዘ ጩኸቱ አይሰማም፥ አየሩም ያልቅበታል። በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በተጣሉ የማቀዝቀዣ ሣጥኖች ውስጥ ገብተው እንዲህ ስለ ሞቱ፥ በ1956 የማቀዝቀዣ መዝጊያ ሁሉ ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፈት እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እንዲሁም በ1996፥ ክዳኑ ሲወድቅ በራሱ የሚቈለፍ የልብስ ሣንዱቅ ልጆችን አፍኖ በመግደሉ፥ 12 ሚሊዮን ያህል ሣንዱቆች ቍልፋቸው እንዲለወጥ ጥሪ ተደረገ። እንግዲህ ትእዛዙ አጭር ነው፤ ከልጆች ቍም ሣጥን ላይ ቍልፍና መቀርቀሪያ ሁሉ ይነቀል። ከሁሉ የሚሻለው መዝጊያውን ራሱን አንሥቶ በመጋረጃ መተካት ነው። ክዳን ያለው ሣንዱቅ የሆነ እንደ ሆነም ክዳኑ ጨርሶ ይነሣ።

ሁለተኛው አደጋ መውደቅ ነው። ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ መሰላል ይረግጠዋል፤ ያን ጊዜ ከባዱ ዕቃ በላዩ ይደፋል። በአሜሪካ በ2022 በወጣው ሕግ ምክንያት፥ ከ2023 ጀምሮ ቁመታቸው 27 ኢንች፥ ይኸውም 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ፥ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የልብስ ሣጥኖች እንዳይደፉ ተፈትነው እንዲሸጡ ግድ ሆኗል። ከወገብ የማይበልጥ ዕቃም ልጅን እንደሚገድል ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ሣጥኑ አጭርም ቢሆን ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ አስተሳሰሩን ከዚህ በታች እንናገራለን።

ሦስተኛው አደጋ አሮጌ ቀለም ነው። በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት አለባቸው፤ የመጻፊያው እርሳስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ አንድ ሕፃን ከዋጠው የእርሳስ መርዝ ወደ ሰውነቱ የሚገባው መጠን ታላቅ ሰው ከሚገባበት ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል፤ የሚጐዳውም የአእምሮውን ዕድገት ነው። በአገራችንም በ2018፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ በወጣው ደንብ ቍጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአያት ዘመን ዕቃ ግን ከዚህ ደንብ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ ቀለሙ እየተፈረፈረ የሚወድቅ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይመረጥ። የአሮጌ ቀለምን አቧራ በደረቁ መፋቅ፥ በእሳትም ማቃጠል ክልክል ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ቀለም ሳይቀባ እንጨቱ በቫርኒሽ ብቻ የኖረ ዕቃ መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ባለ ሁለት መዝጊያ ቍም ሣጥን እንውሰድ። የሚያስፈልገው መጋዝ፥ መዶሻ፥ ካቻቢቴ፥ መሰርሰሪያ፥ ሜትር፥ ኮላ፥ ብርጭቆ ወረቀትና ጥቂት ብሎን ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው አናጢ ይጥራ፤ ልኩን ግን ራሱ ይንገረው፤ አናጢው የሚያውቀው የታላቅ ሰውን ልክ ነውና።

1ኛ፤ መዝጊያዎቹን ከማጠፊያቸው ፈትቶ ማንሣትና ሣጥኑን በሳሙና ውሃ አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ። መዝጊያዎቹ አይጣሉ፤ መደርደሪያ ይሆናሉ።

2ኛ፤ የላይኛውን ክዳንና የጀርባውን ሳንቃ መንቀል። ሁለቱን ጐኖች ከላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቈርጦ ማሳጠር፥ ጀርባውንም በዚያው ልክ መቍረጥ፥ ክዳኑንም መልሶ በኮላና በብሎን መግጠም። እንግዲህ የሣጥኑ ቁመት 120 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጀርባው በደንብ ካልተመታ ሣጥኑ ወደ ጐን ያዘማልና በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ምስማር ይመታበት።

3ኛ፤ የልብስ መስቀያ ዘንግ ማግባት። የ3 ዓመት ልጅ ቁመቱ 95 ሳንቲ ሜትር፥ የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ 115 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ሁለቱም ሳይንጠራሩ ይደርሱበታል። ተልጦ የደረቀና የለሰለሰ፥ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ዘንግ ይበቃል። ዘንጉ የሚቀመጠው ከግራና ከቀኝ በተመቱ፥ ጐድጐድ ተደርገው በተጠረቡ ሁለት እንጨቶች ላይ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ እነዚህን እንጨቶች ነቅሎ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

4ኛ፤ ከመዝጊያው ሳንቃ ከታች የጫማ መደርደሪያ፥ በአንድ ወገን ደግሞ ሁለት የባርኔጣና የመቀነት መደርደሪያ መሥራት። ከባድ ነገር ሁሉ ከታች ይሁን። በሣጥኑ ራስ ላይ ግን ምንም አይቀመጥ፤ በተለይ ልጆች የሚመኙት ነገር ከላይ ከታየ መንጠልጠል ይመጣል።

5ኛ፤ ትናንሽ ልብሶች የሚንጠለጠሉበትን ጫፉ የተድቦለቦለ የእንጨት መስቀያ በሣጥኑ ውስጥ መትከል። ከውጭ አይሁን፤ ከውጭ የተተከለ እንደ ሆነ በልጅ ዐይን ትክክል ይውላልና ሲሮጥ ይወጋዋል። ምስማርም መስቀያ አይሆንም።

6ኛ፤ ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት፥ አስቀድሞ በሻካራው በቍጥር 80፥ በኋላም በደቃቁ በቍጥር 180 ማለስለስ። ከተለሰለሰ በኋላ የሴት ነጠላ ወይም ቀጭን ሻሽ በላዩ ቢጐትቱት የሚይዘው ስፍራ ቢኖር ስንጥር ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያም ቀለም የሌለውን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ በስሱ ቀብቶ፥ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ከቤት ውጭ ማቈየት። በማለስለሱና በመቀባቱ ጊዜ ልጆችና እርጕዝ ሴት አይቅረቡ።

7ኛ፤ ከግድግዳ ማሰር። በሣጥኑ ራስ አጠገብ፥ በግራና በቀኝ፥ ሁለት የማዕዘን ብረት ይታሰር። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት የሆነ እንደ ሆነ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ፊሸር ይግባበት። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ብሎኑ ጭቃውን ብቻ ይዞ ቢቀር ከንቱ ነው፤ ግድግዳውን እየቈረቈሩ ቋሚው እንጨት ያለበትን ፈልጎ በእርሱ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ሥራው ካለቀ በኋላ አባት በሙሉ ኀይሉ ወደ ፊት ይሳበው፤ ካልተነቃነቀ ልጅ ይንካው።

8ኛ፤ በመዝጊያው ፈንታ ከአቡጀዲ የተሰፋ መጋረጃ በቀጭን ዘንግ ላይ መስቀል። ገመድ አይሁን፤ ገመድ በልጅ አንገት ይጠመጠማልና። መጋረጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ያጠረ ይሁን፤ በውስጡ ልጅ ቢቀመጥ እግሩ ይታያል።

መስተዋትም ያስፈልጋል፤ ልጅ የለበሰውን ካላየ ደስታው ጐደሎ ነው። የመዝጊያው መስተዋት ያልተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጀርባው በሙሉ በሳንቃ ላይ በኮላ ተጣብቆ፥ ዙሪያውን በእንጨት ተከቦ፥ በግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ቢሰበርም ስባሪው እንዳይበተን ነው። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይጣልና እንደ መስተዋት የሚያሳይ ፕላስቲክ ይገዛ። ለ3 ዓመት ልጅ እንዲሆን የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ይበቃል።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ ልብሱን እንሰብስብ። ማርያ ሞንተሶሪ የተባለችው የኢጣልያ ሐኪም በ1907 በሮም ከተማ በሳን ሎሬንዞ ሰፈር የልጆች ቤት ከፍታ ስታስተምር፥ ልጆች ልብስ መልበስን ራሳቸው እንዲማሩ ቍልፍ፥ ማያያዣና ማሰሪያ የተሰፋባቸው ትናንሽ ክፈፎች አዘጋጅታ ነበር። የእኛ ቍም ሣጥንም ይህን ትምህርት ይስጥ፤ አንዱ ልብስ ባለ ትልልቅ ቍልፍ፥ አንዱ በማያያዣ የሚገጠም፥ አንዱ የሚታጠቁት ይሁን። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ዶቃና ትንንሽ ቍልፍ ከልብሱ ይነቀል፤ ወደ አፉ ያስገባዋልና። ከአንገት የሚታሰር ክርና ጥብጣብ ሁሉ ይቈረጥ፤ ካባውም ሲሳብ ወዲያው በሚላቀቅ ማያያዣ ይያዝ። መቀነትም በልጁ ወገብ አንድ ጊዜ ዞሮ አንድ ስንዝር እስኪተርፍ ድረስ ይጠር።

ልብሱ በልጁ ልክ መሆን አለበት። ዳዊት ጎልያድን ሊወጋ በወጣ ጊዜ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የራስ ቍር አለበሰው፤ ብላቴናው ግን መራመድ አቅቶት አወለቀው። እናቱ ሐና ደግሞ ለታናሹ ሳሙኤል በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ወደ መቅደስ ታመጣለት ነበር፤ በየዓመቱ ማምጣቷ ልጁ ስለሚያድግ ነው። ወላጅ የሐናን መንገድ ይከተል። የአያት በርኖስ ሳይቈረጥ ቢሰጥ ልጁ ረግጦት ይወድቃል፤ ከታች ተቈርጦ ከጕልበት በታች ቢደርስ ግን ይበቃል። ከቍራጩም ለታናሽ ወንድሙ ሌላ ይወጣል። ያረጀ ጋቢ የዳር ክፍሉ ቢነትብ መካከሉ ጤነኛ ነውና የልጅ ኩታ ይሆናል። የተቀደደ ነጠላ ጥለቱ ተፈትቶ ለታናሺቱ ነጠላ ይሰፋል። የድሮ ተነፋነፍ፥ እጀ ጠባብ፥ ባርኔጣ፥ የሐኪም ነጭ ካፖርት፥ የአናጢ ሽርጥ፥ የገበሬ ገሳ፥ የመምህር ከረጢት፥ ሁሉም ስፍራ አለው። የሥራ ልብስ ከክብር ልብስ ጋር ጐን ለጐን ይሰቀል፤ ልጅ ካባን ብቻ እያየ ካደገ ሽርጥን ይንቃል።

በዚህ ሣጥን ውስጥ የማይገባም አለ። ልብሰ ተክህኖ አሮጌም ቢሆን የጨዋታ ዕቃ አይደለም፤ ዲያቆን ሆኖ ለመጫወት ነጭ ነጠላ ይበቃዋል። እውነተኛ ኒሻንና የወታደር ምልክትም ከአባት መሳቢያ አይውጣ፤ በወርቅማ ወረቀት መሥራት ይቻላልና። ደግሞም ልጆች የድኻን ቡትቶ ወይም የሌላውን ብሔረሰብ ልብስ ለመሣቂያ እንዳይለብሱ ወላጅ ይጠንቀቅ። የኦሮሞ፥ የጉራጌ፥ የሐረሪ ወይም የሶማሌ ልብስ ቢገኝ በክብር ይሰቀል፤ ስሙም፥ መቼና እንዴት እንደሚለበስም ከባለቤቶቹ ተጠይቆ ለልጁ ይነገረው። ልብስን በንቀት የለበሰ ልጅ የሚማረው ንቀትን ብቻ ነው።

ስለ ንጽሕናም ጥቂት እንበል። ከዘመድ ወይም ከሰልባጅ የመጣ ልብስ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኰስ፤ ቅማልና ቅጫም የሚደበቁት በስፌት ውስጥ ነው። ብልን ለመከላከል ናፍታሊን በልጆች ልብስ መካከል ማኖር ፈጽሞ አይገባም። ከረሜላ መስሎት ልጅ ይውጠዋል፤ በደማቸው ባሕርይ ምክንያት ሽታው ብቻ የሚጐዳቸው ሕፃናትም አሉ። በእርሱ ፈንታ ልብሱን በየወሩ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ማራገፍ፥ ደረቅ የጥድ ፍቅፋቂ በቀጭን ጨርቅ ቋጥሮ ከዘንጉ ጫፍ ማንጠልጠል በቂ ነው።

ልጆችም ለዚህ ቍም ሣጥን ሕግ ይኑራቸው፤ ሕጉንም ራሳቸው ቢያወጡት ይጠብቁታል። ሦስት ይበቃል። የለበሰ ሰው ሲጨርስ ራሱ መልሶ ይሰቅላል። አንድን ልብስ ሁለት ቢፈልጉት በተራ ይለበሳል። በሣጥኑ ውስጥ ማንም አይደበቅም። ወላጅም የራሱን ሕግ ይጠብቅ፤ ካልጠሩት በቀር በጨዋታው አይግባ፥ «እንዲህ ልበስ፥ እንዲህ በል» አይበል። ዳኛው ጕዳዩን አጣምሞ ቢፈርድ እንኳ ይግባኙን ባልንጀሮቹ ይበሉ። አባት ከጥግ ተቀምጦ ቢያዳምጥ ግን ብዙ ይማራል። ልጁ አባት ሆኖ ሲጫወት የሚናገረው ቃል የራሱ የአባቱ ቃል ነውና፤ የሚቈጣ ከሆነ ቍጣውን፥ የሚያመሰግን ከሆነ ምስጋናውን በልጁ አፍ ይሰማል። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር በየትም ችሎት አይገኝም።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። አሮጌው ዕቃም እንደዚሁ ነው፤ በያዙት መጠን ይኖራል። በጓሮ ዝናብ የሚመታው ቍም ሣጥን በሁለት ቅዳሜ ሥራ ለልጆች የትምህርት ስፍራ ይሆናል፤ በሻንጣ ታጥፎ ብል የሚበላው የአያት በርኖስም በልጅ ልጅ ትከሻ እንደ ገና ይታያል። የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ግን ብዙ ነው። ቍልፉ መነቀሉን፥ ሣጥኑ ከግድግዳ መታሰሩን፥ የአንገቱ ክር መቈረጡን ደግማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ግለጡና ለልጆቻችሁ ልቀቁላቸው። የማንን ልብስ አስቀድመው እንደሚመርጡም ልብ በሉ፤ ልባቸው ወዴት እንዳዘነበለ ከዚያ ታውቃላችሁ።